147,573,952,589,676,412,927፦ የአንድ ግዙፍ ድርብ ቁጥር ባሕርያት በወረቀትና በእርሳስ የሚመረመሩበት ዝርዝር መመሪያ

በርዕሱ ላይ የሚታየው ባለ21 አኃዝ ቁጥር የሚገኘው 67 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ ላይ 1 ሲቀነስ ነው፤ በአጭሩ 2⁶⁷ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሬን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው ዝርዝር ይህን ቁጥር ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር መድቦት ነበር፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም ማለቱ ነው። ስሕተቱ ሳይታወቅ ከ230 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ ኤዱዋር ሉካ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በ1876 ቁጥሩ ድርብ መሆኑን፣ ማለትም ሌላ አካፋይ እንዳለው አረጋገጠ፤ አካፋዩ ማን እንደሆነ ግን ሊናገር አልቻለም። ሁለቱን አካፋዮች ያገኘው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ሲሆን፣ ያቀረባቸውም በኦክቶበር 31 ቀን 1903 ኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ነው። እንደሚተረከው ከሆነ አንድም ቃል ሳይተነፍስ በሰሌዳው አንድ ወገን 2⁶⁷ − 1ን አስልቶ፣ በሌላው ወገን ሁለት ቁጥሮችን አባዝቶ፣ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሲሆኑ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ መቀመጫው ተመለሰ።

ከሉካ እስከ ኮል ያሉት 27 ዓመታት የዚህ መመሪያ አካሄድ መነሻ ናቸው። የአንድ ግዙፍ ቁጥር አንዳንድ ባሕርያት ከአሠራሩ ብቻ የሚነበቡ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን አካፋዮቹ እስኪታወቁ ድረስ የተዘጉ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መሄድ ይገባል፤ አብዛኛው ጀማሪ የሚደክመው በመጀመሪያ መታየት ያለበትን ትቶ በቀጥታ ወደ ማካፈል ስለሚገባ ነው። የሚያስፈልገው ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ተራ የኪስ ማስያ ነው፤ ትዕግሥት ካለ ማስያውም ባይኖር ይሆናል።

1. ሙሉውን ቁጥር አንድም አኃዝ ሳይጎድል ማግኘት

በመጀመሪያ ማስያውን አለማመን ነው። ተራ የስልክ ማስያ 2⁶⁷ − 1 ሲባል 1.4757 ብሎ ከጀመረ በኋላ በ10 ርቢ አሳጥሮ ይጽፈዋል። ኤክሴል ደግሞ የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ስለሆነ 147573952589676000000 ብሎ የመጨረሻዎቹን ስድስት አኃዞች በዜሮ ይተካቸዋል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን አንዳንድ ፕሮግራሞች ቁጥሩን በነጥብ አጻጻፍ ሲይዙ የተቀነሰችውን 1 በዝምታ መዋጣቸው ነው፤ ያኔ በእጃችን ያለው 2⁶⁷ እንጂ 2⁶⁷ − 1 አይደለም፤ 2⁶⁷ ደግሞ ከ2 ርቢዎች በቀር አካፋይ የሌለው ፈጽሞ ሌላ ቁጥር ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሙሉ ቁጥሮችን ሳይቆርጥ ስለሚይዝ፣ በኮምፒውተር መሥራት ለሚፈልግ ሰው የተሻለ ምርጫ ነው።

በእጅ ሲሆን ከ2³² = 4,294,967,296 ተነሥቶ ይህን በራሱ በማባዛት 2⁶⁴ = 18,446,744,073,709,551,616 ይገኛል፤ በሰንጠረዥ ጨዋታ ገበታ ላይ በየካሬው የስንዴ ፍሬ እጥፍ እያደረገ ስለጠየቀው ሰው በሚነገረው ተረት ውስጥ ያለው ቁጥር ከዚህ በ1 ብቻ ያንሳል። የቀረው በ8 ማባዛት ነው፤ ይህንንም ሦስት ሦስት አኃዝ እየያዙ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ይበቃል። 616 በ8 ሲባዛ 4,928 ነው፤ 928 ይጻፍና 4 ይያዛል። 551 በ8 ሲባዛ 4,408፣ ከተያዘው 4 ጋር 4,412 ነው፤ 412 ይጻፍና 4 ይያዛል። 709 ደግሞ 5,672 ሆኖ ከ4 ጋር 5,676 ይሰጣል፤ 676 ይጻፋል፣ 5 ይያዛል። በዚሁ መንገድ 073፣ 744፣ 446 እና 18 ሲጨረሱ 147,573,952,589,676,412,928 ይወጣል፤ 1 ሲቀነስ የመጨረሻዋ 8 ወደ 7 ትለወጣለች። ከዚህ በኋላ ይህን ቁጥር መ ብለን እንጠራዋለን።

2. ከአሠራሩ ብቻ የሚነበቡ ባሕርያት

የአኃዞቹን ብዛት ለማወቅ ስሌቱ ራሱ አያስፈልግም። የ2 ሎጋሪዝም፣ ማለትም 2ን ለማግኘት 10 የሚወጣበት ርቢ፣ 0.30103 ገደማ ስለሆነ በ67 ሲባዛ 20.17 ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ 21 አኃዝ አለው። የመጨረሻዋ አኃዝም ቀላል ናት፤ የ2 ርቢዎች መጨረሻቸው 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በየአራቱ ስለሚዞር፣ 67 በ4 ተካፍሎ 3 ስለሚተርፍ፣ 2⁶⁷ በ8 ያልቃል፤ መም በ7 ያልቃል።

በትንንሽ ቁጥሮች ሲካፈል የሚተርፈውም እንዲሁ በዙር ይገኛል። የ2 ርቢዎች በ7 ሲካፈሉ ቀሪያቸው በየ3 ርቢው፣ በ11 በየ10ሩ፣ በ13 በየ12ቱ ይደጋገማል። የሦስቱ ዙሮች የጋራ ትንሹ ብዜት 60 ስለሆነ፣ 2⁶⁰ በ7 × 11 × 13፣ ማለትም በ1,001 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ነው። እንግዲህ 2⁶⁷ በ1,001 ሲካፈል የሚተርፈው 2⁷ = 128 ሲሆን፣ መ ደግሞ 127 ይተርፈዋል። ይህች 127 ከትንሽ ስሌት የተገኘች ብትሆንም ለትልቁ ስሌት ምስክር ትሆናለች፤ በክፍል 1 ያገኘነውን ቁጥር ሦስት ሦስት አኃዝ እየከፈልን ከቀኝ በኩል አንዴ መደመር አንዴ መቀነስ በ1,001 ሲካፈል የሚተርፈውን ስለሚሰጥ፣ 927 − 412 + 676 − 589 + 952 − 573 + 147 = 1,128 ይሆናል፤ ከዚህ 1,001 ሲቀነስ በትክክል 127 ይቀራል።

ብዙ ሰው የለመደው የአኃዞችን ድምር ወስዶ በ9 መፈተሽን ነው፤ የዚህ ቁጥር አኃዞች ድምር 109 ነው፤ በ9 ሲካፈልም 1 ይተርፋል። ሆኖም ይህ ፈተና በእጅ ሥራ ላይ በጣም የሚዘወተረውን ስሕተት፣ የሁለት አኃዞችን ቦታ መለዋወጥን፣ ከቶ አያይም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ 412ን 421 ብዬ ገልብጬ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ፤ ድምሩ ያው 109 ነበርና 9 ዝም ብሎ አሳለፈኝ። በ1,001 ብፈትሽ ኖሮ 127 በሚመጣበት ቦታ 118 መጥቶ ወዲያው ያስቆመኝ ነበር።

በባይነሪ፣ ማለትም በ0ና በ1 ብቻ፣ ሲጻፍ መ ሌላ ምንም ሳይቀላቀልበት የ67 አንዶች ሰልፍ ነው፤ ከግራም ከቀኝም ቢነበብ ያው ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት የባይነሪ አኃዞች 11 ስለሆኑም በ4 ሲካፈል 3 ይተርፈዋል፤ በዚህ ምክንያት መ የሁለት ካሬ ቁጥሮች ድምር ሊሆን አይችልም።

3. አካፋይ ሳያገኙ ድርብነቱን ማረጋገጥ

ለዚህ ሥራ የሚመከረው የተለመደው መንገድ የፌርማ ፈተና ነው፤ ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ፣ 2 ከቁጥሩ በአንድ ወዳነሰው ርቢ ከፍ ብሎ በቁጥሩ ሲካፈል 1 ይተርፋል። በዚህ ቁጥር ላይ ግን ፈተናው ወጥመድ ነው። መ − 1 = 2⁶⁷ − 2 ሲሆን፣ 67 ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ ይህን ያለ ቀሪ ያካፍለዋል፤ 2⁶⁷ ደግሞ በመ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ስለዚህ 2 ወደ መ − 1 ርቢ ሲወጣ ቀሪው የግድ 1 ይሆናል፤ ቁጥሩ ብቸኛ ሆነም አልሆነ። በ2 የፈተነ ሰው መርሰን የተሳሳተውን ስሕተት ይደግማል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ በሐሰት ፈተናውን የሚያልፉት መነሻዎች፣ ማለትም በ2 ቦታ ሊገቡ የሚችሉት ቁጥሮች፣ በጠቅላላው 1,454,436 ብቻ ናቸው፤ እንደ ዕድል ከተነሣ ከ100 ትሪሊዮን አንድ ገደማ መሆኑ ነው፤ ግን እጃችን አስቀድሞ የሚዘረጋባት 2 ከነርቢዎቿ ከእነዚያ ውስጥ ናት። የ1,454,436ን ምንጭ በክፍል 7 እናየዋለን።

የሚያዋጣው ሉካ የጀመረውና ዴሪክ ሌመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያጠራው ፈተና ነው። ከ4 ይጀመራል፤ በራሱ ይባዛል፤ 2 ይቀነስለታል፤ ውጤቱ ከሚመረመረው ቁጥር ከበለጠ ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል። ርቢው 67 ከሆነ ይህ 65 ጊዜ፣ በጥቅሉ ከርቢው በ2 ያነሰ ጊዜ፣ ይደጋገማል። በመጨረሻ 0 ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ሌላ ማንኛውም ነገር ከመጣ ድርብ ነው።

እጅ እንዲለምድ በ2¹¹ − 1 = 2,047 መጀመር ጥሩ ነው፤ ዘጠኝ ዙር ብቻ ነው። ከ4 ተነሥቶ 14፣ ከዚያ 194 ይመጣል። 194 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 37,634 ነው። እዚህ ላይ ማካፈል አያስፈልግም፤ 2,048 በ2,047 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ስለሆነ፣ 37,634 ውስጥ 18 ጊዜ 2,048 እና 770 መኖራቸውን አይቶ 18ን ከ770 ጋር መደመር ይበቃል፤ 788 ይመጣል። በባይነሪ ለሚሠራ ሰው ይህ ማለት የላይኛውን ክፍል ቆርጦ ከታችኛው ጋር መደመር ብቻ ነው። ቀጣዮቹ 701፣ 119፣ 1,877፣ 240፣ 282 እና በመጨረሻ 1,736 ናቸው። 0 ስላልሆነ 2,047 ድርብ ነው፤ በእርግጥም 23 × 89 ነው። ልብ ይበሉ፤ ፈተናው ስለ 23 ወይም ስለ 89 ያለው ነገር የለም። በ67 ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ 65 ዙር ተሠርቶ ከ0 የተለየ ቁጥር ይመጣል፤ ድርብ ለመሆኑ ጥርጥር አይቀርም፤ ስለ አካፋዩ ግን ፍንጭ አይገኝም።

4. አካፋይ ሊሆኑ የሚችሉትን ማጥበብ

አንድ ድርብ ቁጥር ከዳግም ዘሩ ያልበለጠ ብቸኛ አካፋይ ይኖረዋል። የመ ዳግም ዘር 12,148,002,000 ገደማ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያሉትን ሁሉ በየተራ መሞከር የማይታሰብ ነው። እዚህ ላይ ነው የቁጥሩ አሠራር ውለታ የሚውለው።

ፕ የተባለ ብቸኛ ቁጥር መን ያካፍላል እንበል። እንግዲህ 2⁶⁷ በፕ ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ 67 ብቸኛ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ርቢ ይህን አያደርግም፤ ማለትም በፕ ሲካፈሉ የ2 ርቢዎች ዙር በትክክል 67 ነው። ፌርማ እንዳሳየው ደግሞ 2 ወደ ፕ − 1 ርቢ ሲወጣ ቀሪው 1 ስለሆነ፣ 67 ፕ − 1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል። ፕ ኢተጋማሽ ስለሆነ ፕ − 1 ተጋማሽ ነው፤ ስለዚህ 134 ያካፍለዋል። እያንዳንዱ አካፋይ 134 በአንድ ቁጥር ተባዝቶ 1 የተጨመረበት መልክ አለው ማለት ነው፤ ያንን ቁጥር ከ እንበለው።

ሁለተኛው ማጣሪያ ከዚህ ይቀጥላል። 2⁶⁸ በፕ ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ 2⁶⁸ ደግሞ የ2³⁴ ካሬ ነው። 2 የካሬ ቀሪ የሚሆነው፣ ማለትም አንድ ካሬ ሲካፈል 2 ሊተርፍ የሚችለው፣ በ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 ለሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። 134 በ8 ሲካፈል 6 ስለሚተርፈው፣ ይህ ሁኔታ የሚሟላው ከ በ4 ሲካፈል 0 ወይም 1 ሲተርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሞከሩት የከ ዋጋዎች 1፣ 4፣ 5፣ 8፣ 9፣ 12 እያሉ ይሄዳሉ። ከእነዚህም ውስጥ ከ በ3 ወይም በ5 ሲካፈል 1 የሚተርፍባቸው ወዲያው ይጣላሉ፤ ዕጩው ራሱ በ3 ወይም በ5 የሚካፈል ይሆናልና።

የመጀመሪያዎቹን እንይ። ከ 1 ሲሆን 135፣ 4 ሲሆን 537 ነው፤ ሁለቱም በ3 ይካፈላሉ። 5 ሲሆን 671 = 11 × 61፣ 8 ሲሆን 1,073 = 29 × 37፣ 9 ሲሆን 1,207 = 17 × 71 ነው። ብቸኛ ሆኖ የሚገኘው የመጀመሪያው ዕጩ ከ 12 ሲሆን የሚመጣው 1,609 ነው።

5. አንድን ዕጩ ባለ21 አኃዙን ቁጥር ሳይነኩ መፈተሽ

1,609 መን ያካፍል እንደሆነ ለማወቅ ረጅሙን ማካፈል መሥራት ከንቱ ድካም ነው። 67ን ለሁለት እየገመሱ ቀሪውን እየተዉ መውረድ ነው፦ 67፣ 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በውጭ የሒሳብ ጽሑፎች የኢትዮጵያውያን ማባዛት የሚባለውን፣ አንዱን ወገን እየገመሱ ሌላውን እያጠፉ የማባዛት ዘዴ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዓምድ ወዲያው ይለየዋል፤ ልዩነቱ እዚያ ማጠፍ የነበረው እዚህ በራስ ማባዛት መሆኑ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲወጡ በየደረጃው ያለውን በራሱ ማባዛት፣ ደረጃው ኢተጋማሽ ከሆነ በተጨማሪ በ2 ማባዛት፣ ከዚያም በዕጩው አካፍሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ ይበቃል።

በ1,609 ሲሠራ፣ 2⁸ = 256 ነው። 2¹⁶ = 65,536 ሲሆን ቀሪው 1,176 ነው፤ 1,176 ከ1,609 በ433 ስለሚያንስ በ433 መሥራት ይቀላል። 433 በራሱ ሲባዛ 187,489፣ ቀሪው 845 ነው፤ ይህ የ2³² ቀሪ ነው። በ2 ሲባዛ 1,690፣ ቀሪው 81፤ ይህ የ2³³ ነው። 81 በራሱ ሲባዛ 6,561፣ ቀሪው 125፤ በ2 ሲባዛ 250። ስለዚህ 2⁶⁷ በ1,609 ሲካፈል የሚተርፈው 250 ነው። አካፋይ ቢሆን ኖሮ 1 መምጣት ነበረበት፤ ስለዚህ 1,609 ይሰረዛል፤ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል።

እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ ቢሄዱ ትክክለኛው ዕጩ የሚገኘው ከ 1,445,580 ሲደርስ ነው፤ ሁለቱን ማጣሪያዎች የሚያልፉ 722,790 ዕጩዎች እስከዚያ አሉ፤ በ3ና በ5 የሚካፈሉት ሲጣሉ ግማሽ ያህሉ ይቀራል። ለኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ነው፤ ለሰው ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ኮል ራሱ በዚህ መንገድ አልሄደም፤ የካሬ ቀሪዎችን እየሰበሰበ አካፋዩ ሊያሟላቸው የሚገቡ ሁኔታዎችን አጠበበ፤ እንዲያም ሆኖ ሥራው የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደወሰደበት ይነገራል።

ከ = 1,445,580 የሚሰጠውን 193,707,721 ሀ እንበለውና እንፈትሸው። 2³³ = 8,589,934,592 ነው፤ ከዚህ 44 ጊዜ ሀ ሲቀነስ 66,794,868 ይቀራል። ይህ በራሱ ሲባዛ 4,461,554,391,137,424 ነው፤ በሀ ሲካፈል ድርሻው 23,032,403፣ ቀሪው 96,853,861 ነው። በ2 ሲባዛ 193,707,722 ይሆናል፤ ከሀ በ1 ብቻ የሚበልጥ ቁጥር። ቀሪው 1 ነው ማለት ነው፤ ሀ መን ያካፍላል።

6. የኮልን ማባዛት መድገም፣ አካፋዮቹንም ማጣራት

መ በሀ ሲካፈል 761,838,257,287 ይገኛል፤ ይህን ለ እንለዋለን። ማባዛቱን ለማረጋገጥ ሁለቱንም ሦስት ሦስት አኃዝ ከፍሎ፣ ሀን 193 | 707 | 721፣ ለን 761 | 838 | 257 | 287 አድርጎ መጻፍ ከተራው አሠራር ይልቅ ስሕተት ይቀንሳል። ከቀኝ ሲጀመር 721 × 287 = 206,927። ቀጥሎ 721 × 257 እና 707 × 287 ተደምረው 388,206። ሦስተኛው ዓምድ 721 × 838፣ 707 × 257 እና 193 × 287 ተደምረው 841,288። አራተኛው 721 × 761፣ 707 × 838 እና 193 × 257 ሆኖ 1,190,748። አምስተኛው 707 × 761 እና 193 × 838 ሆኖ 699,761። የመጨረሻው 193 × 761 = 146,873። አሁን ከየዓምዱ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች እየጻፉ የቀረውን ወደ ቀጣዩ ማሻገር ነው፤ 927፣ 412፣ 676፣ 589፣ 952 እየተጻፉ ይመጡና በመጨረሻ 146,873 ከተሻገረው 700 ጋር 147,573 ይሆናል። ሰሌዳው ላይ የነበረው ቁጥር ይኸው ነው።

ሀና ለ ራሳቸው ብቸኛ ስለመሆናቸውስ? ይህን ጥያቄ ብዙዎች ያልፉታል፤ መልሱ ግን ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። ሀን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ መንም ስለሚያካፍል በክፍል 4 ያየነውን መልክ መያዝ ግዴታው ነው። የሀ ዳግም ዘር ከ13,918 ትንሽ ያንሳል፤ እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ማጣሪያዎች የሚያልፉት የከ ዋጋዎች 51 ሲሆኑ፣ በ3ና በ5 የሚካፈሉት ሲጣሉ 26 ይቀራሉ። 26 ማካፈል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ አንዱም ያለ ቀሪ አይወጣም፤ ሀ ብቸኛ ነው። ለለ ደግሞ ዳግም ዘሩ 872,833 ገደማ ስለሆነ ዕጩዎቹ 3,257 ናቸው፤ ይህ ለኮምፒውተር ቢተው ይሻላል። ለም ብቸኛ ነው።

7. አካፋዮቹ ከታወቁ በኋላ የሚከፈቱ ባሕርያት

መ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ስለሆነ አካፋዮቹ አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ ሀ፣ ለ እና መ። ሀ + ለ = 762,031,965,008 መሆኑን አንድ ጊዜ አስልቶ መያዝ ይጠቅማል፤ የቀሩት ሁሉ ከእሱ ይወጣሉ። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮች ድምር 762,031,965,009 ነው፤ ይህ ከመ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ ቁጥሩ ከፍጹም ቁጥርነት፣ ማለትም ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ድምር ራሱን ከማከል፣ እጅግ ይርቃል። የአራቱም ድምር 147,573,953,351,708,377,936 ነው።

የኦይለር ቆጠራ የሚባለው፣ ማለትም ከመ ሳይበልጡ ከ1 በቀር ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት፣ (ሀ − 1) × (ለ − 1) ነው፤ ወይም በቀላሉ ከ2⁶⁷ ላይ የሀና የለን ድምር መቀነስ ነው፤ ውጤቱ 147,573,951,827,644,447,920። ከዚህ ቁጥር ተመልሶ ሀና ለን ማግኘት ስለሚቻል ቆጠራውን ማወቅና አካፋዮቹን ማወቅ እኩል ናቸው፤ አር.ኤስ.ኤ የተባለው የምስጢር አጻጻፍ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ እርግጥ ነው በመቶዎች የሚቆጠሩ አኃዞች ባሏቸው ቁጥሮች። ከክፍል 3 የቀረውም እዚህ ይዘጋል፦ የሀ − 1 እና የለ − 1 ትልቁ የጋራ አካፋይ 134 × 9 = 1,206 ነው፤ የፌርማን ፈተና በሐሰት የሚያልፉት መነሻዎችም 1,206 × 1,206 = 1,454,436 ናቸው።

መ የሁለት ካሬዎች ድምር ባይሆንም ልዩነት ግን ነው፤ 381,015,982,504 በራሱ ተባዝቶ ከዚያ ላይ የ380,822,274,783 ካሬ ሲቀነስ መ ይገኛል። የመጀመሪያው የሀና የለ ድምር ግማሽ ሲሆን ሁለተኛው የልዩነታቸው ግማሽ ነው። ፌርማ አካፋይ የሚፈልግበት አንዱ መንገድ ከዳግም ዘሩ ተነሥቶ ይህን የመጀመሪያውን ቁጥር እየወጣ ማሰስ ነበር፤ እዚህ ግን ሀና ለ እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ 369 ቢሊዮን ያህል እርምጃ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለዚህ ቁጥር አይመከርም።

የመጨረሻው ባሕርይ በባይነሪ ክፍልፋይ ሲጻፍ ይታያል። 1 ለሀ ሲካፈል ከለ ለመ ጋር እኩል ነው፤ መ ደግሞ በባይነሪ 67 አንዶች ስለሆነ፣ ልክ 1 ለ9 በአሥር ቤት 0.111… እያለ እንደሚደጋገም፣ ይህም በየ67 አኃዙ ይደጋገማል። የሚደጋገመው ቁራጭ ለ ራሱ ነው፤ ለ በባይነሪ 40 አኃዝ ስላለው ከፊቱ 27 ዜሮዎች ይቆማሉ። 1 ለለ ሲካፈል ደግሞ በተራው ሀ ይደጋገማል፤ 28 አኃዝ ብቻ ስላለው የሚቀድሙት ዜሮዎች 39 ናቸው።